ብርድ ቤት ውስጥም ይገድላል፦ «የብርድ ዘመን አልፏል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የብርድ ዘመን አልፏል» የሚለው ጽሑፍ ሰሞኑን በየቴሌግራም ቡድኑ ሲዞር ሰንብቷል። ብዙ ሰው የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። አጻጻፉ ይጥማል፤ አሜሪካና አውሮፓ አዲስ የገባን ሰው ከፍርሃት ለማላቀቅ የተነሣበት ሐሳብም መልካም ነው። ነገር ግን የደረሰባቸው ድምዳሜዎች አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የሰጠው ምክር ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የከባድ ብርድ ወራት ሞት ተጋንኗል ይላሉ፤ ማስረጃቸው በፌብሩዋሪ 2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 29 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ቴክሳስ በይፋ የተቆጠሩት ሟቾች 246 ብቻ መሆናቸው ነው። በብርድ የሚሞተው ጎዳና አዳሪ፣ ሰካራምና ግዴለሽ ነው፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሆንም ይላሉ። ብርድ የሰሜን አገሮች ጣጣ ነው፣ ሞቃት አገር የሚኖር ሰው አያሳስበውም ባይ ናቸው። የቴክሳስን መብራት ያጠፉት የነፋስ ተርባይኖች ናቸው፣ ነገሩም ማንም ሊገምተው የማይችል ድንገተኛ ነበር ብለዋል። በሞንጎሊያ ያለቀው ከብት ነው፣ ሰው አይደለም የሚልም አለበት። በመጨረሻ ምድር እየሞቀች ስለሆነ ጉዳዩ በራሱ ጊዜ ይዘጋል ይሉና፣ እስከዚያው መብራት ከጠፋ «እንደ አገራችን ከሰል ውጭ አቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ማስገባት ይበቃል» ብለው ይመክራሉ።

ከቁጥሩ ልጀምር። 246 የሚለው ትክክል ነው፤ የቴክሳስ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጣው ነው። ቁጥሩን የጠቀሰ ሰው ግን ዝርዝሩንም ማየት ነበረበት። ከ246ቱ 161ዱን የገደላቸው ራሱ ብርዱ ነው። 25ቱ የነበረባቸው ሕመም ብሶባቸው፣ 22ቱ በመኪና አደጋ፣ 19ኙ በካርቦን ሞኖክሳይድ (ከሚነድ ነገር በሚወጣ መርዛማ ጋዝ) ታፍነው፣ 10ሩ በእሳት፣ 9ኙ ደግሞ ወድቀው ሞተዋል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የሞት ማስረጃውን የሞላው ሐኪም ወይም መርማሪ ሞቱን ከብርዱ ጋር ያያያዘለት ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማሽኑ የቆመበት የሳንባ ሕመምተኛ፣ መንገድ ተዘግቶ ዲያሊሲስ (በማሽን የሚደረግ የደም ማጣራት) ያመለጠው የኩላሊት ሕመምተኛ፣ በቀዘቀዘ ቤት ሦስት ቀን ከርመው ልባቸው የቆመ አዛውንት፣ ወረቀታቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የቆየ በሽታቸው ነው። መብራት በጠፋበት ሳምንት ቴክሳስ ውስጥ ከወትሮው በላይ ስንት ሰው እንደሞተ ያሰላ አንድ የዜና ተቋም የደረሰበት ግምት ወደ 700 ይጠጋል፤ ዝቅ ቢል 426፣ ከፍ ቢል 978።

ብርድ ልብን እንዴት እንደሚጎዳ ያወቀ ሰው በዚህ ልዩነት አይገረምም። ቆዳ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ግፊቱ ይጨምራል። ሰውነት ፈሳሽ የበዛበት ይመስለውና በሽንት ያስወጣል፤ የቀረው ደም ይወፍራል፣ መርጋትም ይቀለዋል። ስለዚህ በልብ የሚሞተው ሰው ቁጥር ጣሪያ የሚነካው ብርዱ በበረታ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሲሆን፣ በሳንባ ምችና በመሳሰለው የሚሞተው ግን ወደ 12 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። በረዶው ቀልጦ፣ ጋዜጠኛው ወደ ሌላ ወሬ ከዞረ በኋላ ማለት ነው።

እንግሊዞች ይህን ለመቁጠር ያበጁት ዘዴ ቀላል ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች የሞተውን ይደምራሉ፤ ከዚያ በፊት ባሉት አራት ወራትና በኋላ ባሉት አራት ወራት የሞተውን አማካይ ይቀንሳሉ። ልዩነቱ የብርዱ ወራት ትርፍ ሞት ይባላል። በ1962/63 እንግሊዝ ከ1740 ወዲህ እንዲያ ያለ ብርድ አይታ አታውቅም ነበር፤ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.1 ዲግሪ (እዚህ ያለው ዲግሪ ሁሉ በሴልሺየስ ነው) ወርዶ ነበር። በዚያ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ የተቆጠረው ትርፍ ሞት 89,600 ገደማ ነው። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው ለሚል ሰው፣ በ2017/18 የተቆጠረው 50,000 አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ባለፉት 60 ዓመታት መውረዱ እውነት ነው። ማዕከላዊ ማሞቂያ በየቤቱ ገብቷል፣ የከተማው አየር ከድንጋይ ከሰል ጭስ ጠርቷል፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም መጥቷል። ሁለተኛ፣ በብርድ ወራት የሞተ ሁሉ በብርድ ሞተ ማለት አይደለም። በ1950/51 ብርዱ የ1962/63ን ያህል ሳይሆን ትርፍ ሞቱ ከ100,000 በላይ የሆነው በኢንፍሉዌንዛ ነው፤ በ2017/18ም የኢንፍሉዌንዛ ድርሻ ትልቅ ነበር። ግን የሙቀት መጠንን ብቻ ለይቶ ያጠና ሥራም አለ። በ2015 የታተመውና በ13 አገሮች የሞቱ 74 ሚሊዮን ሰዎችን መዝገብ ያገላበጠው ጥናት፣ ከሞቱ ሁሉ 7.29 በመቶውን ከብርድ፣ 0.42 በመቶውን ከሙቀት ጋር አገናኝቶታል። አብዛኛው ሞት የደረሰውም ዜና በሚሠራበት እጅግ ከባድ ብርድ ጊዜ ሳይሆን፣ ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው መካከለኛ ብርድ ነው።

«የሚሞተው ሰካራምና ጎዳና አዳሪ ነው» ወደሚለው ልለፍ። በ2012 ዩክሬንና ፖላንድን በመታው ብርድ ከሞቱት ብዙዎቹ ቤት አልባ መሆናቸው፣ መጠጥም ድርሻ እንደነበረው አልክድም። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀት ይታወቃል፣ በእርግጥ ግን ሙቀቱ እየወጣ ነው፤ መንቀጥቀጥንም ያዳክማል። ይሁንና በምሥራቅ አውሮፓ የታየውን ለዓለም ሁሉ ማልበስ አይቻልም። በዲሴምበር 2022 በኒውዮርክ ግዛት የቡፋሎን ከተማና አካባቢዋን የመታውን ዐውሎ በረዶ እንይ። ወደ 47 ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ መኪናቸው ውስጥ እንደተያዙ የቀሩ አሉ፣ በረዶ ሲዝቁ ልባቸው የቆመ አሉ፣ ማሞቂያ በሌለው ቤታቸው የሞቱ አሉ፣ አምቡላንስ ደውለው መንገዱ ስለተዘጋ ሳይደርስላቸው የቀሩ አሉ። መኪና መንዳት የተከለከለው ዓርብ ጧት 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ አዋጁ የተነገረው ሊጸና ጥቂት ሲቀረው ነው። ሥራ የገባው ሰው በዚያ ሰዓት ገብቷል። ይህን ሰው ግዴለሽ ማለት አይገባም።

መኪና ውስጥ የተያዘ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጽሑፉ ውስጥ ስለሌለ በአጭሩ ልናገር። ከመኪናው አይውጣ፤ ብዙዎች የጠፉት እርዳታ ፍለጋ ሲሄዱ አቅጣጫ ስቶባቸው ነው። ሞተሩን በሰዓት አንዴ ለ10 ደቂቃ ያህል ያስነሣ፤ ከማስነሣቱ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ይጥረግ። ማውጫው ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባና ተሳፋሪውን ተኝቶ ሳለ ይጨርሰዋል። ነፋስ በማይመታው በኩል ያለውን መስኮት የጣት ውፍረት ያህል ይክፈት።

ጸሐፊው ስለ ቤት ያሉት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያሳዝናል። በቴክሳስ በብርድ ከሞቱት በርካቶች የተገኙት በገዛ ቤታቸው ነው። የሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። 35 ሲደርስ ሕክምናው ሃይፖተርሚያ ይለዋል፤ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ ቁልፍ መዝጋት ያቅተዋል። ከ32 በታች መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ አጠገቡ ያለ ሰው «ተሻለው» ብሎ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አእምሮው ይደነግዛል፣ አንዳንዱም ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ራቁቱን የተገኘውን ሟች ሰክሮ ነው ወይም አብዷል ያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከ28 በታች ራሱን ይስታል፣ ልቡም በትንሽ ንቅናቄ ምቱ ይዛባል። አረጋውያን ላይ አደጋው የሚብሰው መንቀጥቀጣቸው ደካማ፣ ብርድ መሰማታቸውም የዘገየ ስለሆነ ነው። ቤታቸው 12 ዲግሪ ሆኖ «ደህና ነኝ» የሚሉ አዛውንት እውነታቸውን ነው፤ አልተሰማቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ የሚመክረው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ያጋጠመው ሰው እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ ይጠቅልለው፤ መጀመሪያ ደረቱን፣ አንገቱንና ብብቱን ያሙቅ። እጅና እግሩን ማሸት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፣ አረቄ ማጠጣት ሦስቱም ጉዳት አላቸው። አጋድሞ፣ ሳያንገላታ አምቡላንስ ይጥራ። ትንፋሹ የጠፋ ቢመስልም ሞቷል ብሎ አይተወው፤ በ1999 ኖርዌይ ውስጥ ከበረዶ ሥር ውሃ ውስጥ ገብታ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ የደረሰ ሴት ከሞት ተመልሳለች።

ብርድ የሰሜን አገር ጣጣ ነው የሚለው ነጥብ ደግሞ ከተለካው ነገር ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በ1997 የታተመ የአውሮፓ ጥናት የሙቀት መጠኑ ከ18 ዲግሪ በታች በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ሞት በስንት እንደሚጨምር አስልቷል። በደቡብ ፊንላንድ 0.27 በመቶ፣ በአቴንስ 2.15 በመቶ። ውጭው 7 ዲግሪ በሆነበት ቀን የፊንላንዱ ሳሎን 21.7፣ የአቴንሱ 19.2 ዲግሪ ነበር። በዚያው 7 ዲግሪ ከቤት ሲወጣ ኮፍያ ያደረገው በፊንላንድ ከመቶ 72 ሰው፣ በአቴንስ 13 ሰው ነው። የብርዱ ወራት ሞት ከሌሎቹ ወራት በስንት ይበልጣል ብሎ 14 አገሮችን ያወዳደረ ሌላ ጥናትም ፖርቱጋልን በ28 በመቶ ከላይ፣ ፊንላንድን በ10 በመቶ ከታች አስቀምጧል። የሊዝበን ብርድ ለሄልሲንኪ ሰው ብርድ አይባልም። የሊዝበኑ ቤት ግን ግድግዳው ሽፋን የለውም፣ መስኮቱ አንድ ንብርብር ነው፣ ማሞቂያ ካለውም የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ስለሚያስፈራ አይበራም። ከዱባይ ወይም ከሪያድ ወደ ዳላስ የሄደ፣ ከዳላስ ወደ ሚኒያፖሊስ የተዛወረ ወገን ይህን በደንብ ሊይዘው ይገባል፤ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠው የቴርሞሜትሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቤቱና ከተማው ለዚያ ቁጥር አለመዘጋጀታቸው ነው።

ይህ በቀጥታ ወደ ቴክሳስ ያመጣናል። ጽሑፉ ብዙ ሰው ያሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የነፋስ ተርባይኖች አልቆሙም ማለት አይቻልም፤ ክንፋቸው በረዶ ይዞ ብዙዎቹ ቆመዋል። በፌዴራል ደረጃ የተደረገው ምርመራ ውጤት በኖቬምበር 2021 ሲወጣ ግን፣ በቴክሳስና በአጎራባቾቹ ችግር ከደረሰባቸው 1,045 የማመንጫ ክፍሎች 58 በመቶዎቹ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ፣ 27 በመቶዎቹ የነፋስ ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር 44.2 በመቶው መሣሪያ በብርድ መያዙ፣ 31.4 በመቶው የነዳጅ እጥረት ነው፤ የነዳጁም አብዛኛው ጋዝ ነው።

መሣሪያ በብርድ ተያዘ ማለት ምን ማለት ነው? ማመንጫ ውስጥ ግፊትና የውሃ መጠን የሚለካው መሣሪያ ከዋናው ቧንቧ ጋር የሚገናኘው የጣት ውፍረት እንኳ በማይሞላ ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ስለማይንቀሳቀስ ከሁሉ ቀድሞ በረዶ ይሆናል። መቆጣጠሪያው የተሳሳተ ቁጥር ያነብባል፤ አደጋ የመጣ ስለሚመስለው ግዙፉን ማሽን ያጠፋዋል። መከላከያው ማሞቂያ ሽቦ መጠምጠም፣ በላዩ ሽፋን ማልበስና ነፋስ በሚመታው በኩል መከለያ ማቆም ነው። በሰሜኑ አገር ማመንጫው በሕንፃ ውስጥ ስለሚሠራ ችግሩ ያንሳል፤ ቴክሳስ ውስጥ ግን ለበጋው ሙቀት ሲባል ሜዳ ላይ ነው የሚተከለው። ጋዙም እንዲሁ ነው። ከጉድጓዱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ ይደፈናል።

ከዚያ የከፋው ስሕተት መጣ። ግሪዱን (ግዛቱን የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ መረብ) ለማዳን መብራት ሲቆረጥ፣ ጋዝ የሚገፉት መጭመቂያዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሆነው ሳለ «አይቆረጥባቸው» ተብለው ስላልተመዘገቡ የእነርሱም መብራት ተቆረጠ። መብራት ሲቆረጥ ጋዝ ቀነሰ፤ ጋዝ ሲቀንስ ተጨማሪ ማመንጫ ቆመ፤ ማመንጫ ሲቆም ተጨማሪ መብራት ተቆረጠ። ፌብሩዋሪ 15 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ 60 ኸርዝ መሆን የነበረበት የግሪዱ ፍሪኩዌንሲ (የኤሌክትሪኩ ምት በሴኮንድ) ወደ 59.3 ወረደ። ከ59.4 በታች 9 ደቂቃ ቢቆይ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን እያጠፉ ግሪዱ በሙሉ ይወድቅ ነበር። የቆየው 4 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ነው። ሙሉ በሙሉ ወድቆ ቢሆን ኖሮ መልሶ ለማስነሣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችል ነበር።

ለምን ሰው ለቀናት ብርድ ላይ ቀረ የሚለውም መልስ አለው። ፈረቃ እናውቃለን፤ አንዱ ሰፈር ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ቴክሳስ ውስጥ የተቆረጠው መጠን 20,000 ሜጋ ዋት ስለደረሰ፣ ሆስፒታልና የውሃ ጣቢያ ያለባቸው መስመሮች ከተለዩ በኋላ የሚፈራረቅ መስመር አልቀረም። ስለዚህ የጠፋበት ሰፈር እንደጠፋበት ቀረ። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጣ፤ በቴክሳስ ደግሞ ከአሥር ቤት ስድስት ያህሉ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው። በዚያ ሳምንት ዳላስ ከዜሮ በታች 19፣ ሂዩስተን ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ደርሰዋል።

ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር የሚለውን መቀበል አልችልም። የግዛቱ አስተዳዳሪ ለ254ቱም አውራጃዎች የአደጋ አዋጅ ያወጡት ፌብሩዋሪ 12፣ መብራቱ ከመቆረጡ ሦስት ቀን በፊት ነው። በፌብሩዋሪ 2011 በዚያው ግዛት ብርድ ማመንጫዎችን አቁሞ 3.2 ሚሊዮን ደንበኛ ላይ መብራት ተቆርጧል፤ ምርመራውም ቱቦዎቹ ይሸፈኑ፣ ማሞቂያ ሽቦ ይጠምጠም ብሎ ነበር። ከ1989ኙ ብርድ በኋላም ተመሳሳይ ነገር ተብሏል። ሁለቱም ጊዜ ምክር ሆኖ ቀረ፤ ግዴታ የሆነው ሰው ካለቀ በኋላ በ2021 በወጣው ሕግ ነው። በ2021 በብርድ ከቆሙት ማሽኖች 81 በመቶው የቆመው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው «እስከዚህ ይቋቋማል» ካሉት ሙቀት ገና ሳይወርድ መሆኑም መታወቅ አለበት። ለክፉ ቀን ተብሎ የተገመተው ከፍተኛ የኃይል ፍላጎት ደግሞ 67,208 ሜጋ ዋት ነበር፤ መብራት ባይቆረጥ ኖሮ ፍላጎቱ ወደ 76,800 ይደርስ እንደነበር ተሰልቷል።

ከሁሉም በላይ ኤል ፓሶ አለች። በ2011 ክፉኛ የተመታችው ይህች ከተማ ምክሩን ሰማች። ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ እንዲቋቋም የተሠራና ጋዝ ሲጠፋ በሌላ ነዳጅ የሚዞር ማመንጫ ተከለች። በ2021 መብራት የጠፋባቸው ደንበኞቿ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው፣ ያውም ለደቂቃዎች። ከምዕራቡ ግሪድ ጋር መያያዟም እንደረዳት እቀበላለሁ። ይህም ቢሆን ግን ሰው የመረጠው ነው፤ የቀረው ቴክሳስ ከጎረቤቶቹ ግሪድ ተነጥሎ መቆየቱ እንደዚያው።

ወደ ሞንጎሊያ ስንሄድ፣ «ከብት ነው ያለቀው» የሚለው አባባል አርብቶ አደር ለሚያውቅ ሕዝብ መነገሩ ይገርማል። ሞንጎሎች ዙድ የሚሉት ጥፋት የሚጀምረው በሞቃቶቹ ወራት ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሣሩ ይቀጭጫል፣ ከብቱ ለብርዱ የሚሆነውን ስብ ሳይዝ ይገባል። ከዚያ በረዶው ሲወፍር ሣሩ ይቀበራል፤ ወይም ትንሽ ሞቆ ቀልጦ ተመልሶ ሲረጋ እንደ ብረት የጠነከረ ሽፋን ይሠራል፤ በግና ፍየል በኮቴያቸው ሊሰብሩት አይችሉም። አብዛኛው ከብት የሚያልቀው ብርዱ ጣራ በነካ ጊዜ ሳይሆን በጸደይ መግቢያ፣ አቅሙ ተሟጦ፣ ግልገል በሚወለድበት ሰዓት ነው። በ2009/10 ከ44 ሚሊዮኑ ወደ 10 ሚሊዮን ከብት አልቋል፤ በ2023/24ም ከ7 ሚሊዮን በላይ።

ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ጌሩን (ድንኳን ቤቱን) ጠቅልሎ ዋና ከተማዋ ኡላንባተር ዳር ይሰፍራል። እዚያ ውሃ በጀሪካን ነው፣ ማሞቂያው የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነው። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ምድጃ ሲጨስ ከተማው በጭስ ይታፈናል፤ ሕፃናት በሳንባ ምች ይያዛሉ። መንግሥት በሜይ 2019 ጥሬ ከሰሉን ከልክሎ የተጨመቀ ከሰል ሲያከፋፍል ጭሱ ቀነሰ፤ ግን አዲሱን ከሰል በአሮጌ ምድጃ ያነደዱ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞቱ። እነዚህን ሰዎች በብርድ ከሞቱት ጋር የሚቆጥራቸው የለም። ቦረና ላይ ድርቅ ከብቱን ሲጨርስ የሰውየው ኑሮ አብሮ እንደሚያልቅ የምናውቅ ሰዎች፣ የሞንጎሊያውን «ሰው አልሞተም» ብለን ልናልፈው አይገባም።

የምድር መሞቅን በተመለከተ አጭር ነኝ። በአማካይ የብርዱ ወራት እየቀለሉ መሆናቸው እውነት ነው። አማካይ ግን ማንንም አያሞቅም፤ ቴክሳስ የቀዘቀዘው በዚችው በሞቀችው ምድር ነው፣ ሞንጎሊያም ከዓለም አማካይ በላይ እየሞቀች ዙዱ አልለቀቃትም። ብርድ የረሳ ከተማ ቱቦውን አይሸፍንም።

አሁን ወደ ከሰሉ ልምጣ። ለዚህ ምላሽ ያነሣሣኝም በዋናነት እርሱ ነው።

ጸሐፊው ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ይግባ ያሉት፣ ሁላችንም ከእናቶቻችን ያየነው ስለሆነ ትክክል ይመስላል። ጭሱ አልቋል፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አይሸትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጭስ አይደለም። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ቀይ ሆኖ የጋለ ፍም አመድ እስኪሆን ድረስ ያወጣዋል፤ አየር ባነሰው ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ትንሹም እያደር ይከማቻል። አገር ቤት በጭቃ ግድግዳው፣ በቆርቆሮውና በበሩ ሥር አየር የሚገባበት ቤት እንኳ በከሰል የሚያልቅ ቤተሰብ አለ። የአሜሪካ አፓርታማ ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አየር የሚያዘዋውረውም ማሽን አብሮ ይቆማል።

ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። በዲሴምበር 2006 ዋሽንግተን ግዛትን ነፋስ መትቶ መብራት ሲጠፋ 8 ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ሞተዋል፤ በዚያ ሰሞን በሲያትል አካባቢ ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው ሆስፒታል ከገቡት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። በ2021 በሂዩስተን ለሙቀት ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና ካስነሡት መካከል የእኛው ወገኖች ነበሩ፤ እናትና ልጅ ሞተዋል።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ያችን መስመር ከጽሑፋቸው አውጥተው በምትኩ ይህን እንዲያስገቡ ነው። ከሰል፣ ግሪልና የካምፕ ምድጃ ቤት ውስጥ አይገቡም፤ መስኮት ቢከፈትም አይገቡም። የጋዝ ምድጃ ለማሞቂያ አይበራም። መኪና ጋራዥ ውስጥ አይነሣም፣ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከመስኮትና ከበር ተቃራኒ ዞሮ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ሁሉ በትንሿ ክፍል ይሰብሰብ፤ የበሩ ሥር በፎጣ ይደፈን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረድ፤ ጋቢም ሆነ ሹራብ ተደራርቦ ይለበስ፣ ራስና አንገት ይሸፈን። የውሃ ቧንቧ እንዳይፈነዳ ከውጭኛው ግድግዳ ጋር ያለው መክፈቻ በቀጭኑ እንዲንጠባጠብ ይተው፤ ከፈነዳ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ቀድሞ ይታወቅ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በየፎቁ፣ መኝታ ክፍል አጠገብ ይሰቀል፤ የጭስ አላርም እርሱን አይተካም። አላርሙ ዕድሜ አለው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ዓመት ካለፈ ይለወጥ።

ምልክቱም ይጻፍ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፤ ያውም ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሰማው፣ ውጭ ሲወጣም ቀለል ሲለው። ያን ጊዜ ሁሉም ይውጣ፣ ሕፃናት ቀድመው፤ ከውጭ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ (በአሜሪካ 911) ይደወል። ውጭ ሲወጡ ቀለል ቢላቸውም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመለኪያቸው ፈትሸው ግቡ እስኪሉ ድረስ ማንም አይመለስ፤ ብርድ ልብስ ለማምጣትም ቢሆን።